ተራ የሚቆጠረው በቀን ነው፦ ለሚደጋገም ፈረቃ የኤክሴል ሰሌዳ አሠራር

ቢቸናና ሞጣ ከደጀን ተነሥቶ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ ያሉ የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች ናቸው። ሁለቱም ሆስፒታል አላቸው፤ ሆስፒታል ደግሞ ሌሊትም በዓልም ብሎ በሩን አይዘጋም። ጥበቃው፣ የውኃ ፓምፕ ሠራተኛው፣ የነዳጅ ማደያው ሠራተኛም እንዲሁ በተራ የሚያድሩ ናቸው። በእነዚህ የሥራ ቦታዎች የተለመደው አሠራር ወሩ ሲያልቅ የሚቀጥለውን ወር ተራ እንደ አዲስ ማውጣት ነው። ይህ ጽሑፍ ከዚህ ልማድ ጋር ይሟገታል። ሰሌዳ በየወሩ የሚደረስ ድርሰት አይደለም፤ ከአንድ መነሻ ቀን ጀምሮ የሚቆጠር ቁጥር ነው። ቁጥሩን ለኮምፒውተሩ ትተው የራስዎን ማስተዋል ቁጥር ለማይፈታው ጉዳይ ቢያቆዩት ድካሙም ጭቅጭቁም ይቀንሳል። ለዚህ ውድ ፕሮግራም አያስፈልግም፤ ኤክሴል ወይም በነፃ የሚገኘው ሊብሬኦፊስ ይበቃል።

፩. አስቀድመው ወሩን ይተዉት

አንድ የተለመደ የፈረቃ ዑደት እንውሰድ፦ ሁለት ቀን ጠዋት፣ ሁለት ቀን ከሰዓት፣ ሁለት ቀን ሌሊት፣ ሁለት ቀን እረፍት። ዑደቱ 8 ቀን ነው። አራት ቡድኖች «ሀ»፣ «ለ»፣ «ሐ» እና «መ» እየተባሉ በሁለት በሁለት ቀን ተቀዳድመው ይገባሉ። ወሩ 30 ቀን ስለሆነ ሦስት ሙሉ ዑደት ሄዶ 6 ቀን ይተርፋል። አሁን ወር በገባ ቁጥር ዑደቱን ከመጀመሪያው እንደገና ቢጀምሩት ምን እንደሚሆን ይቁጠሩ። «ሀ» ቡድን በወሩ 30ኛ ቀን ሁለተኛ ሌሊቱ ላይ ነው። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ሲጨርስ አዲሱ ወር ገብቷልና በዚያው 12 ሰዓት የጠዋት ፈረቃ ይጠብቀዋል፤ የሁለት ቀን እረፍቱም ቀልጧል። «መ» ቡድን ግን 30ኛውን ቀን ከሰዓት ሠርቶ ወደ ሌሊት ሊገባ ሲል በአንደኛው ቀን ወደ እረፍት ይዘላል። እንዲህ ያለው ስህተት ሰሌዳ አውጪው ለአንዱ አድልቶ ለሌላው ጨክኖ የመጣ አይደለም፤ 30 ለ8 እኩል ስለማይካፈል የመጣ ነው። በየወሩ ስለሚደገም ግን ሠራተኛው አድልዎ ብሎ ቢያነበው አይፈረድበትም። ጳጉሜን ስትመጣ ደግሞ በ5 ወይም በ6 ቀኗ ነገሩን ታብሰዋለች።

መፍትሔው ለአገሩ ባዕድ አይደለም። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዘመንን የሚቆጥሩት አካፍለው የተረፈውን በመያዝ ነው። ለምሳሌ የ2018ን ዓመት በ5500 ላይ ሲደምሩት 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል፤ ሁለት የተረፈበት ዘመን ማርቆስ ነው። 7518 እና 1879 ተደምረው ለ7 ሲካፈሉ 3 ይተርፋል፤ ማክሰኞን አንድ ብለው ሲቆጥሩ ሦስተኛው ሐሙስ ነውና መስከረም 1 ቀን 2018 ሐሙስ ዋለ። የፈረቃ ሰሌዳም ሥሌቱ ይኸው ነው፦ ከመነሻው ቀን እስከ ዛሬ ያሉትን ቀኖች ቆጥሮ ለ8 ማካፈልና የተረፈውን ማየት። ዲማ ጊዮርጊስንና ደብረ ወርቅን በመሰሉ የቤተ ክህነት ትምህርት ስፍራዎች በታወቀ አገር «ኮምፒውተሩ ምን ያደርጋል?» ለሚል ሰው ከዚህ የቀረበ ማስረጃ አይገኝለትም፤ ኮምፒውተሩ የሚሠራው የቀሪ ቁጥር ሥራ ነው።

፪. ቡድኖቹን ከመመደብዎ በፊት ሰዓቱን ይደምሩ

አንድ ሳምንት 168 ሰዓት ነው። ያለማቋረጥ የሚሠራ ቦታ በሦስት ቡድን ከተሸፈነ ለአንዱ ቡድን 56 ሰዓት ይደርሰዋል፤ በቀን 8 ሰዓት ሲታሰብ ሰባቱንም ቀን ያለ እረፍት ማለት ነው። በአራት ቡድን ከተሸፈነ ግን 42 ሰዓት ይሆናል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በሰባት ቀን ውስጥም ያልተቆራረጠ የ24 ሰዓት እረፍት እንዲኖር ያዛል። ስለዚህ ሦስት ቡድን ይህን መለኪያ አያልፍም፤ አራት ቡድን ያልፋል። የመንግሥት ሠራተኞች በራሳቸው አዋጅ ስለሚተዳደሩ የሆስፒታል ኃላፊ የራሱን ደንብ ማየት ይኖርበታል፤ የድምሩ ዘዴ ግን አንድ ነው። ለጥበቃ ሥራ 12 ሰዓት ቀን፣ 12 ሰዓት ሌሊት፣ ከዚያ ሁለት ቀን እረፍት የሚለው አሠራር በአማካይ 42 ሰዓት ስለሚሆን ቀላል ይመስላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ፈረቃ ከስምንት ሰዓት በላይ 4 ሰዓት አለው፤ በሳምንት በአማካይ ሦስት ተኩል ፈረቃ ሲኖር 14 ሰዓት ይሆናል፤ አዋጁ ለትርፍ ሰዓት ሥራ የሰጠው ጣሪያ ግን በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሰዓት ነው።

«አራት ቡድን የሚሆን ሰው ከየት ይመጣል?» የሚለው ተቃውሞ እውነተኛ ነው። ሰንጠረዥ ነርስ አይወልድም። ሆኖም ሰው ማነሱን መደበቅና ማነሱን በቁጥር ማሳየት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በልማድ የሚሠራ ሰሌዳ ጉድለቱን በሠራተኛው እንቅልፍ ይሸፍነዋል፤ የተቆጠረ ሰሌዳ ግን «በሳምንት ይህን ያህል ሰዓት ባለቤት የለውም» ብሎ ያወጣዋል። ተጨማሪ ቅጥር ወይም የትርፍ ሰዓት በጀት ሲጠየቅ ከአቤቱታ ይልቅ ይህ ድምር ያሳምናል።

፫. ሰዓቱንና ቅደም ተከተሉን ይወስኑ

ፈረቃዎቹን ከጠዋቱ 12 እስከ ቀኑ 8፣ ከቀኑ 8 እስከ ምሽቱ 4፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ቢያደርጓቸው ይመከራል። አዋጁ የትርፍ ሰዓት ክፍያን የሌሊትና የቀን ብሎ የሚለየው በእነዚሁ መስመሮች ነው፦ ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ያለው አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ያለው 1.75 እጥፍ ይከፈላል። የሳምንት እረፍትም የሚቆጠረው ከንጋቱ 12 እስከ ማግሥቱ 12 ነው። ፈረቃዎ ከዚህ መስመር ካፈነገጠ አንዱን ሌሊት ለሁለት ከፍለው ማስላት ሊኖርብዎ ነው። በሰንጠረዡ ላይ ሲጽፉ ግን የኮምፒውተሩን አቆጣጠር ይከተሉ፦ የጠዋቱ 12 በእርሱ 06:00፣ የቀኑ 8 በእርሱ 14:00፣ የምሽቱ 4 በእርሱ 22:00 ነው። ለኮምፒውተሩ ቀን የሚለወጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ስለሆነ የሌሊት ፈረቃ ሁለት ቀን ይነካል። ስለዚህ ደንብ ያውጡ፤ ሌሊቱ የሚጠራው በተጀመረበት ቀን ይሁን። የአርብ ሌሊት ቅዳሜ ቢነጋም የአርብ ነው።

ቅደም ተከተሉ ከጠዋት ወደ ከሰዓት፣ ከዚያ ወደ ሌሊት ይሂድ እንጂ ወደ ኋላ አይዙር። ምክንያቱ ከሰዓቱ ይታያል። ጠዋት ሠርቶ ቀኑ 8 ላይ የወጣ ሰው በማግሥቱ ቀኑ 8 ላይ ቢገባ መካከሉ 24 ሰዓት ነው። ወደ ኋላ የሚዞር ከሆነ ግን ምሽት 4 የወጣው በማግሥቱ ጠዋት 12 ይገባል፤ ቤት ደርሶ፣ በልቶ፣ ተኝቶ የሚመለስበት ጊዜ 8 ሰዓት ብቻ ይሆናል። በ1982 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ የቻርለስ ዛይስለርና የባልደረቦቹ ጥናትም በአሜሪካ ዩታ ግዛት በሚገኝ የማዕድን ድርጅት የፈረቃው ዙር ወደ ፊት እንዲሄድ ተደርጎ በአንድ ፈረቃ ላይ የሚቆዩበት ጊዜም ሲረዝም የሠራተኞቹ እርካታና የሥራ ውጤት መሻሻሉን አሳይቷል። 

፬. ሰንጠረዡን ይሥሩ

አዲስ ፋይል ከፍተው የመጀመሪያውን ገጽ «መሠረት» ይበሉት። በአንድ ሳጥን መነሻውን ቀን ይጻፉ። መስከረም 1 ቀን 2018ን ከመረጡ በፈረንጅ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ብለው ያስገቡት። 1/1/2018 ብለው ቢጽፉ ፕሮግራሙ ጃንዋሪ 1 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. አድርጎ ይወስደዋል፤ ያም ሰኞ እንጂ ሐሙስ አልነበረም። ኤክሴል ቀንን በውስጡ የሚይዘው በተራ ቁጥር ነው፤ የሳጥኑን ቅርጽ ወደ ቁጥር ሲለውጡት 45911 ካነበቡ ቀኑ በትክክል ገብቷል። ከሥሩ ስምንቱን የዑደት ቀኖች በስምንት ረድፍ ይዘርዝሩ፦ ጠዋት፣ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ከሰዓት፣ ሌሊት፣ ሌሊት፣ እረፍት፣ እረፍት። ከጎኑ የየቡድኑን መግቢያ ያስፍሩ፦ «ሀ» 0፣ «ለ» 2፣ «ሐ» 4፣ «መ» 6። ከአሁን በኋላ ሰሌዳው የሚለወጠው በዚህ ገጽ ብቻ ነው።

በሁለተኛው ገጽ ላይ ቀኖቹን ወደ ታች፣ ቡድኖቹን ወደ ጎን ያድርጉ። በየሳጥኑ የሚገባው ቀመር «ሞድ» የሚባለው ነው፤ ስሙ በፕሮግራሙ ውስጥ በላቲን ፊደል ይጻፋል። ትርጉሙም፦ ሞድ(የዕለቱ ቀን − መነሻ ቀን + የቡድኑ መግቢያ፣ 8)። ውጤቱ ከ0 እስከ 7 ያለ ቁጥር ነው። ይህን ቁጥር ወደ ስም የሚለውጠው «ኢንዴክስ» የተባለው ቀመር ዝርዝርን ከ1 ጀምሮ ስለሚቆጥር በውጤቱ ላይ 1 መደመር አይርሱ፤ ይህን የዘነጋ ሰው ሰሌዳው በአንድ ቀን ይንሸራተትበታል። የመነሻውን ቀን ሳጥን በዶላር ምልክት መቆለፍም ግድ ነው፤ አለበለዚያ ቀመሩን ወደ ታች ሲጎትቱት መነሻው አብሮ ይወርዳል። ከዚህ በኋላ አንድ ረድፍ ሠርተው ዓመቱን ሙሉ መጎተት ነው።

የአገራችንን ቀን ለማሳየት ልዩ ፕሮግራም መፈለግ አይጠበቅብዎትም። ወሮቻችን እኩል 30 ቀን በመሆናቸው ከመስከረም 1 ወዲህ ያለፉትን ቀኖች ለ30 ሲያካፍሉ ድርሻው ላይ አንድ ሲደመር ወሩን፣ ቀሪው ላይ አንድ ሲደመር ቀኑን ይሰጣል። ለምሳሌ 118 ቀን ካለፈ ድርሻው 3፣ ቀሪው 28 ነውና አራተኛው ወር፣ 29ኛው ቀን ይሆናል፤ ታኅሣሥ 29፣ ገና። ጳጉሜንም 13ኛ ወር ሆና ራሷ ትወጣለች። ለዚህ ለወሩ ማሳያ በየዓመቱ የሚለወጥ የራሱ የመስከረም 1 ሳጥን ይኑርዎት፤ የዑደቱን መነሻ ግን ዓመት በተለወጠ ቁጥር አይንኩት። ከነኩት ቀድሞ በወሩ ላይ የነበረው ስህተት ወደ ዓመቱ ተሻገረ ማለት ነው።

ሥራው መሳካቱን በ56 ቀን ይፈትሹት። በባሕረ ሐሳብ 28 እና 19 ተባዝተው በ532 ዓመት ዐቢይ ቀመር እንደሚገናኙ ሁሉ የ8 ቀን ዑደትና የ7 ቀን ሳምንት በ56 ቀን ይገናኛሉ። በዚህ ጊዜ ውስጥ እያንዳንዱ ቡድን 14 ጠዋት፣ 14 ከሰዓት፣ 14 ሌሊትና 14 እረፍት ሊኖረው፣ ከስምንቱ እሑዶችም ሁለቱን ሊያርፍ ይገባል። «ካውንትኢፍ» በተባለው ቀመር ቆጥረው ከዚህ የተለየ ካገኙ አንድ ሳጥን ተበላሽቷል።

፭. ልዩነቱን ለብቻ ያስፍሩ

ሰው ይታመማል፣ ይወልዳል፣ ለቅሶ ይደርስበታል፣ የዓመት ፈቃድ ይወጣል፣ ከባልደረባው ጋር ተራ ይቀያየራል። የተለመደው ስህተት ቀመሩ ያለበትን ሳጥን አጥፍቶ በላዩ ላይ «ፈቃድ» ብሎ መጻፍ ነው። ቀመሩ አንዴ ከጠፋ ግን በዚያ ቀን መጀመሪያ ተረኛ የነበረው ማን እንደሆነ የሚያስታውስ አይኖርም። ስለዚህ ሦስተኛ ገጽ ከፍተው «ልዩነት» ይበሉት፤ የሠራተኛው ቁጥር፣ ቀኑ፣ ምክንያቱ፣ የሚተካው ሰው፣ የፈቀደው ኃላፊ በረድፍ ይጻፍ። ለሠራተኛው የሚታየው ሰሌዳ አስቀድሞ ይህን ገጽ እንዲያይ፣ እዚያ ምንም ከሌለ ወደ ዑደቱ እንዲመለስ «ቪሉክአፕ»ን በ«ኢፍኤረር» ውስጥ አስገብተው ይሥሩት። ፍለጋው በስም ሳይሆን በመታወቂያ ቁጥሩና በቀኑ ጥምር ይሁን። ለእኛ «ፀሐይ»ና «ጸሀይ» አንድ ሴት ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የአንዷ ፈቃድም ለሌላዋ አይሆንላትም።

አንዳንድ ኃላፊዎች «ፕሮግራም ከገባ የሰው ችግር የሚታይበት ቦታ ይጠፋል» ብለው ይሰጋሉ። የልዩነት ገጹ ግን ተቃራኒውን ያደርጋል። ኃላፊዋ ለነፍሰ ጡር ባልደረባ ሌሊት ስታስቀርላት (የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም ነፍሰ ጡርን ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ማሠራትን ይከለክላል) ውሳኔዋ ከነምክንያቱ ተጽፎ ይቀመጣል። ርኅራኄዋም እንደ ውለታ አይቆጠርም፤ የሌላውም ጥርጣሬ መሠረት ያጣል። ወሩ ሲያልቅ ደግሞ የታየውን ሰሌዳ ቀመሩን ትተው ውጤቱን ብቻ በሌላ ፋይል ይቅዱት። ነገ አንድ ሰው ቡድን ቢለውጥ ቀመሩ ያለፈውንም ስለሚለውጠው ክፍያ የተከፈለበት ወር ሳይነካ መቀመጥ አለበት።

፮. ማኅበሩንና በዓሉን ይፈትሹ

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ «ኑሯችን በስምንት ቀን አይሄድም» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ቅዳሜና እሑድን አከታትሎ ማረፍ በዚህ ዑደት በ56 ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ይደርሳል። ሆኖም የእኛ አገር ኑሮ በሳምንት ብቻ ሳይሆን በወርም ይቆጠራል፤ በ12 የሚካኤል፣ በ21 የማርያም ማኅበር ያለው ሰው ብዙ ነው። በዚህ በኩል የ8 ቀን ዑደት ይመቻል። ወሩ ካለቀ በኋላ 6 ቀን ስለሚተርፍ በ12 የዋለው ፈረቃ በየወሩ ይለወጣል፤ በአራት ወር ውስጥም ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ሌሊትና እረፍት አንድ አንድ ጊዜ ይደርሳሉ። ስለዚህ ከመስከረም እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ሦስት የማኅበር ቀን ያለ ልመና እረፍት ይሆናል። የትኛው ወር እንደሆነ ከዓመቱ መጀመሪያ ስለሚታወቅም ጽዋውን የሚያወጣ ሰው ለተረፉት ቀኖች ቅያሪ የሚፈልግበት ሰፊ ጊዜ አለው።

ዓመታዊው በዓል ግን በቁጥር ብቻ አይፈታም። ገናን ይዘን እንቁጠር። በላይ በተሠራው ሰሌዳ በ2018 ያረፈው «ሀ» ነው፤ በ2019 «ሐ»፣ በ2020 «መ» ያርፋል። (2020 ዘመነ ዮሐንስ ስለሆነ ገና በታኅሣሥ 28 ይውላል።) በ2021 ተራው ወደ «ሀ» ይመለሳል። «ለ» ቡድን ከ2018 እስከ 2023 ስድስት ገና በተከታታይ እየሠራ የመጀመሪያ እረፍቱን የሚያገኘው በ2024 ነው። በየቀኑ ፍትሐዊ የሆነው ዑደት በዓመቱ ቀን ላይ አድልቷል፤ ምክንያቱም 365 ለ8 ሲካፈል 5 ይተርፋልና በዓሉ አብዛኛውን ጊዜ በየዓመቱ አምስት ቦታ ይዘላል። ይህን ዑደት በመለወጥ ለማስተካከል አይሞክሩ፤ ሌላው ሁሉ ይናጋል። ይልቁንም እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀትና ፋሲካ፣ ለሙስሊም ባልደረቦችም ዒድ አል ፈጥርና ዒድ አል አድሐ ያሉበት አነስተኛ ዝርዝር ሠርተው ማን በየትኛው እንደሠራ ከዓመት ዓመት ይመዝግቡ፤ ቅያሪውንም በልዩነት ገጽ ያስገቡ። በሕዝብ በዓል የተሠራ ትርፍ ሰዓት በአዋጁ ሁለት ተኩል እጥፍ ስለሚከፈል ምዝገባው ለደመወዝ ክፍሉም ይጠቅማል።

፯. ሰሌዳውን ከኮምፒውተሩ ያውጡት

ስልክ ያለው ሠራተኛ ተራውን በካላንደሩ መያዝ ይችላል። ስድስቱን የሥራ ቀኖች አስገብቶ እያንዳንዱን «በየ8 ቀኑ ድገም» ይበለው፤ «በየሳምንቱ» የሚለውን ከመረጠ ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ይስታል። የሰዓት ክልሉ አዲስ አበባ መሆኑንም ይይ። ዋናውን ፋይል ግን በኢንተርኔት ላይ ብቻ አያኑሩት። በአማራ ክልል ከ2015 ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም። ፋይሉ በኮምፒውተሩ ላይ፣ ቅጂው በፍላሽ ላይ፣ የወሩ ሰሌዳ ታትሞ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይሁን።

በታተመው ወረቀት ግርጌ አንድ መስመር ይጨምሩ፦ «መነሻ መስከረም 1 ቀን 2018፤ ዑደት 8፤ ሀ 0፣ ለ 2፣ ሐ 4፣ መ 6፤ 0 እና 1 ጠዋት፣ 2 እና 3 ከሰዓት፣ 4 እና 5 ሌሊት፣ 6 እና 7 እረፍት።» መብራት ቢጠፋ፣ ኮምፒውተሩ ቢበላሽ፣ ሰሌዳውን የሠራው ሰው ወደ ሌላ ከተማ ቢዛወር ከዚህ መስመር ተነሥቶ የማንኛውንም ቀን ተረኛ በእርሳስ ማግኘት ይቻላል። ከሠራተኞችዎ አንዱ ኮምፒውተሩን ሳይነካ የሚመጣውን የጥምቀት ሌሊት ተረኛ በዚህ መንገድ አስልቶ ከሰሌዳው ጋር ከተስማማ ሥራዎ አልቋል።